ሦስት ጊዜ የተቀየረው ኩሽኔታ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ምርጥ ዘር አጠቃቀም እንድናገር ነበር። ስለ ምርጥ ዘር ግን ከእኔ የበለጡ ባለሙያዎች ከእኔ በፊት ተናግረዋል፤ ከእኔም በኋላ ይናገራሉ። ስለዚህ ዘሩን ተሸክሞ ስለሚያመጣው መኪና፣ ከመኪናውም መዳፍ ስለሚሞላ አንድ ብረት እንድናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። መካኒክ አይደለሁም። የተመረቅሁት ከግብርና ኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ በዲፕሎማ ነው። ስለ ኩሽኔታ የማውቀውን ያስተማረኝ አንድ ስህተቴ ስለሆነ ከስህተቱ ልጀምር።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ የዩኒየናችን ላንድክሩዘር ፒክአፕ የማሽላና የማሾ ዘር ጭኖ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ቆላማ ቀበሌዎች ሲወርድ የቀኝ የፊት ጎማው እንደ ወፍጮ እየጮኸ ከአሊዩ አምባ በታች ቆመ። የጎማው ኩሽኔታ ተሰባብሮ ነበር። የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተቆጣ ነበር። ነገር ግን የዚያው ጎማ ኩሽኔታ በጥር ተቀይሯል፤ በመጋቢት መጨረሻ እንደገና ተቀይሯል። መለዋወጫው ተገዝቶ መካኒክ እስኪወርድ ድረስ ዘጠኝ ቀን አለፈ። ዝናቡ ጥሎ ነበር፤ አርሶ አደር ደግሞ መሬቱ ረጥቦ መኪና ሲጠብቅ አይውልም። እኔ በምሠራበት ቀበሌ አብዛኛው ሰው ከጎተራው ያለውን ዘር አውጥቶ ዘራ። የከፈለበት ምርጥ ዘር ሲደርስ ማሳው ተሸፍኖ ነበር።

ጉዳዩን እንዲያጣራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ከተጎዳው ቀበሌ ተወክዬ ገባሁ፤ ጽሑፉ ይነበባል ተብሎም ጸሐፊ ተደረግሁ። ኮሚቴው ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰ። ሾፌሩ በፍጥነት ይነዳል፣ ከልክ በላይ ይጭናል፣ ጎማውን ከድንጋይ ጋር ያጋጫል የሚል አስተያየት ተሰበሰበ። አንድ አባል ደግሞ ዕቃው ፎርጅድ ነው አለ። በመጨረሻ ጉዳቱ የደረሰው «በሾፌሩ የጥንቃቄ ጉድለት» እንደሆነና የሦስተኛው ኩሽኔታ ዋጋ በሦስት ወር ተከፋፍሎ ከደመወዙ እንዲቆረጥ የሚል ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፤ ሦስታችንም ፈረምን። ከሦስታችን ግን ብረቱን ያየ አልነበረም።

ሾፌሩ ከአባቴ በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው። ውሳኔው በተነገራቸው ማግስት በዩኒየኑ ግቢ አገኙኝና አልተቆጡም። «ልጄ፣ ብረቱን አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አላየሁትም ጋሼ።»

«ሳታየው ፈረምክ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም ወደ መኪናው ሄደው ከወንበር ሥር አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ሦስት ኩሽኔታዎች በጨርቅ ተጠቅልለው ነበር፤ በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ የተቀየረበት ወር በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ጋራዡ ሊጥላቸው ሲል ለምነው የወሰዷቸው ናቸው። «አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብዬ ነው» አሉኝ።

ወደ ብረቱ ከመግባቴ በፊት ኩሽኔታ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ስሙን የወረስነው እንደ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ክሪክና ባሌስትራ ሁሉ ከጣሊያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን በአገራችን በቆየበት ጊዜ የመኪና ቋንቋችንን ሰጥቶን ሄደ ማለት ይቻላል። የጎማ ኩሽኔታ በውስጥና በውጭ ቀለበት መካከል የተደረደሩ ትንንሽ ሾጣጣ ብረቶች ያሉት ነገር ነው። ሾጣጣ የተደረጉበት ምክንያት አለው። ከላይ የሚጫነውን ክብደት ብቻ ሳይሆን መኪናው ሲታጠፍ ከጎን የሚመጣውን ግፊትም እንዲችሉ ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብት ካወጡበት ሰዎች አንዱ ሄንሪ ቲምከን የሚባል ጋሪ ሠሪ ነበር። ይህ ነገር ለፈረስ ጋሪ ታስቦ የተሠራ ነው ስል ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋሪ የሚነዳ ሰው አይስቅብኝም።

በላንድክሩዘሩ የፊት ጎማ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ ትንሹ ወደ ውጭ፣ ትልቁ ወደ ውስጥ ነው። ሁለቱም ሞዞው ውስጥ ተቀምጠው በማይዞር ዘንግ ላይ ይሽከረከራሉ። በመካከላቸው ግሪስ አለ። ከትልቁ ኩሽኔታ በስተጀርባ ኦይል ሲል የሚባል የላስቲክ ቀለበት ተገጥሟል። ሥራው ግሪሱ እንዳይወጣ፣ ውኃና አሸዋም እንዳይገባ ዘንጉን በከንፈሩ አቅፎ መያዝ ነው። የነገሬ ሁሉ መቋጠሪያ ይህ ከንፈር ስለሆነ አደራ አትርሱት።

ያን ዕለት ማታ ሦስቱን ኩሽኔታዎች በናፍጣ አጥቤ የዘርና የተባይ ናሙና የማይበትን አጉሊ መነጽር አወጣሁ። እንዴት እንደሚነበቡ ስለማላውቅ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋሪ ወደሚጠግኑ አንድ አባት ይዣቸው ሄድኩ። እሳቸው ከመነጽሬ ይልቅ ጥፍራቸውን አመኑ። በጥር የወጣውን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ይህን ተወው፣ ይህ በእርጅና ነው የሞተው» አሉ። የመጋቢቱንና የግንቦቱን ግን ጎን ለጎን አስቀምጠው ዝም አሉ። በሁለቱም የውጭ ቀለበት ላይ ጥቁር ሰንበሮች ነበሩ። በሰንበሮቹ መካከል ያለው ርቀት በሾጣጣ ብረቶቹ መካከል ካለው ርቀት ጋር ልክ ለልክ ነው።

እኔ ቸኩዬ «ድንጋይ ሲመታው ብረቶቹ ቀለበቱን ወግተውት ነው» አልኩ። ይህ ደግሞ የኮሚቴአችንን ውሳኔ የሚደግፍ ነበር። ሽማግሌው ጣቴን ይዘው ሰንበሩ ላይ አሳረፉት። «ድንጋይ የመታው ይጎደጉዳል፤ ጉድጓዱም ያብለጨልጫል። ይህ ግን ይሻክራል። ዝገት ነው፤ ቆሞ ያደረ ውኃ ነው» አሉኝ። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። መኪናው ሲቆም እያንዳንዷ ብረት ባለችበት ቦታ ትቆማለች። ግሪሱ ውስጥ ውኃ ካለ ሌሊቱን ብረቷ የነካችውን መስመር ያዝገዋል። ጠዋት መኪናው ሲነሳ ብረቶቹ በዚያ ሻካራ መስመር ላይ በየዙሩ ይንገጫገጫሉ፤ ብረቱም ይቀረፋል። ከቀረፋው በኋላ ጩኸት፣ ከጩኸቱ በኋላ ስብራት ይመጣል። እኛ የደረስነው ስብራቱ ላይ ነው።

የሞረትና ጅሩ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በመረሬ አፈር ላይ ስንዴ ቢጫ ሲሆን ያላወቀ ሰው ዘሩን ያማል፤ ወይም ዩሪያ ይጨምርበታል። ውኃው ግን ሥሩ ላይ ተኝቷል። እነዋሪ አካባቢ ሰፋፊ መደብ በእጅ እየሠሩ ውኃውን የሚያጠነፍፉ ገበሬዎች ይህን ያወቁት ዲፕሎማ ይዘው አይደለም። እኔ በማሳ ላይ የተማርኩትን በብረት ላይ ረሳሁት።

ከዚህ በኋላ ከሾፌሩና ከአንድ ወጣት መካኒክ ጋር ሆነን ነገሩን እንደ ማሳ ሙከራ መረመርነው። ማንኛውም ሙከራ ማነጻጸሪያ ማሳ ይፈልጋል። የእኛ ማነጻጸሪያ የግራው ጎማ ነበር። በመጋቢት ሾፌሩ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ኩሽኔታ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ካርቶን ገዝተው አስቀይረዋል። የግራውን ስንከፍት ግሪሱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ኩሽኔታው እንደ አዲስ ነበር። እንግዲህ ዕቃው ፎርጅድ ቢሆን ኖሮ ግራው ለምን ዳነ? ፍጥነት ነው ከተባለ ሁለቱ ጎማዎች የሚሮጡት እኩል ነው። ጭነት ነው ከተባለ የጭነቱ ክብደት ይበልጥ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ምንም አልሆኑም። ከመጠን በላይ መጫን ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም፤ የዚህ በሽታ መነሻ እሱ አይደለም ነው የምለው።

የቀኙን ሲከፍቱት ከሞዞው የወጣው ግሪስ አሬራ መስሎ ነበር። ውኃ የገባበት ግሪስ እንዲህ ይነጣል። ሌላም ነገር አየን። ወደ ውጭ ያለው ትንሹ ኩሽኔታ ብዙም አልተጎዳም፤ የተበላው የውስጠኛው ትልቁ ነው። ስለዚህ ውኃው በጎማው ፊት ሳይሆን ከኋላ፣ በኦይል ሲሉ በኩል ነው የሚገባው። ሲሉ ደግሞ አዲስ ነው። አዲስ ከሆነ ለምን ያስገባል?

መካኒኩ ዘንጉን በጨርቅ ወልውሎ የሲሉ ከንፈር የሚያርፍበትን ቦታ አሳየኝ። በዓይን ሲታይ የሚያብረቀርቅ መስመር ነው። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ግን ያዘኝ። ዘንጉ ዙሪያውን ተቦርቡሮ ቦይ ሠርቷል። ላስቲክ ብረት ይበላል ብሎ የሚያምን የለም፤ እኔም አላመንኩም ነበር። የወንዝ አሸዋ ከላስቲኩ ከንፈር ሥር ሲገባ ግን እዚያው ተቀርቅሮ እንደ ሞረድ ይሠራል። ሾፌሩ ያን ጊዜ አንድ ነገር አስታወሱ። በጥር የመጀመሪያው ኩሽኔታ ሲቀየር የነበሩበት ጋራዥ አዲስ ሲል ስላልነበረው አሮጌውን አጥቦ መልሶ ገጥሞታል። ዋጋው ትንሽ ነው ተብሎ የታለፈው ያ ላስቲክ በሁለት ወር ከምናምን ውስጥ ዘንጉን ቆፈረው። በመጋቢት አዲስ ሲል ሲገባ ከንፈሩ ያረፈው ቦዩ ላይ ነው። ቦዩ ለውኃው በር ሆነ። ከዚያ በኋላ ከጃፓንም ይምጣ ከየትም፣ ምን ዓይነት ኩሽኔታ ቢገባ ዕድሜው ያው ነው።

ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ውኃ በትንሽ ቦይ ይህን ያህል እንዴት ተስቦ ይገባል ለሚለው መልሱ መንገዳችን ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በደጋው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ወጥቶ ወደ ጎረቤላ ይጣላል፤ ከጎረቤላ ደግሞ ወደ አሊዩ አምባ ይወርዳል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ማለት ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ የሃሪስ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲመጣ ግመሎቹ ከግርጌ ቀርተው ጓዙ ዳገቱን የወጣው በሰው ሸክም ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ግመሉን ያሳርፍ ነበር፤ እኛ መኪናውን አናሳርፍም።

ያን ሁሉ ቁልቁለት ሾፌር ፍሬን እየያዘ ሲወርድ የመኪናው ክብደት በፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ወደ ሞዞው ይገባል። በሞዞው ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ይሰፋና በሲሉ ጎን ተገፍቶ ይወጣል። ከቁልቁለቱ ግርጌ ደግሞ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። የጋለው ሞዞ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነከር በውስጡ የቀረው አየር ወዲያው ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም በቀዳዳው የሚያገኘውን ይስባል። ሃይላንድ የምንለውን የውኃ ፕላስቲክ በሙቅ ውኃ አለቅልቃችሁ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብትከቱት ጎኑ ይጨማደዳል። ክዳኑ ትንሽ ላላ ካለ ግን አይጨማደድም፤ ውኃውን ይጠጣል። የግራው ጎማ ክዳኑ ጥብቅ ነበር፤ የቀኙ ላልቷል።

እዚህ ላይ ሾፌሩን ፍጹም ንጹሕ ላደርጋቸው አልፈልግም፤ እሳቸውም አልፈለጉም። «ወንዙ ዳር ቆሜ ማቀዝቀዝ ነበረብኝ» ብለዋል። ነገር ግን ለምን እንዳልቆሙ ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው ስልካቸውን አሳዩኝ። ቁልቁለቱን በወረዱበት ሰዓት ሁሉ «የት ደረሱ? ገበሬው እየጠበቀ ነው» እያለ የሚደውል አንድ የልማት ሠራተኛ ነበር። ቁጥሩ የእኔ ነው።

ጥገናው ከምርመራው ይልቅ ቀላል ሆነ። ዘንጉ ቶርኖ ቤት ተወስዶ በተቦረቦረው ቦታ ላይ ስስ የብረት ቀለበት ተጠልቆበት ተስተካከለ። አዲስ ሲል ገባ፤ ኩሽኔታውም ከነውጭ ቀለበቱ ተቀየረ። በነገራችን ላይ የውጭ ቀለበቱ ከሞዞው ለማውጣት ስለሚያስቸግር እሱን ትተው ውስጡን ብቻ የሚቀይሩ አሉ። አዲስ ብረት በአሮጌ ቀለበት ላይ ሲዞር ሁለቱም አብረው ያልቃሉ።

አጠባበቁ ላይ መካኒኩ ረጅም ጊዜ ወሰደ። እኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ ዳዶው የሚጠብቀው በመሮና በመዶሻ ነው፤ ምክንያቱም 54 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቁልፍ የያዘ ጋራዥ ጥቂት ነው። ኩሽኔታ እንደ ቀንበር ነው። ሲጠብቅ በሬው ይላጣል፤ ሲላላ እየተንቀጫቀጨ ያቆስላል። የጠበቀ ኩሽኔታ ይግልና ብረቱ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ስለዚህ መካኒኩ ዳዶውን አጠበቀ፣ ኩሽኔታው ቦታውን እንዲይዝ ሞዞውን ደጋግሞ አዞረ፣ አላላው፣ እንደገና በልኩ አጠበቀው። በመሮ ቢሆን ይህ ልክ አይገኝም። ዩኒየኑ ያን ቁልፍ አሁን ገዝቶ በመኪናው ውስጥ አስቀምጧል።

መኪና ላላችሁ ማኅበራት ከዚህ የተረፈንን ልንገራችሁ። ኩሽኔታ ከመሰበሩ በፊት ይናገራል። ጎማውን በክሪክ አንሥታችሁ፣ መኪናው እንዳይንሸራተት ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ደግፋችሁ፣ የተነሣውን ጎማ ላይና ታች ይዛችሁ ነቅንቁት። መካኒኮች ላስኮ የሚሉት ልቅነት ካለ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ አድርጉና እንደገና ነቅንቁ። ፍሬን ሲረገጥ ልቅነቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ከእሱ በስተኋላ ሌላ ነገር ፈልጉ። በመንገድ ላይ ድምፅ ስትሰሙ ደግሞ ወደ ግራ ስትታጠፉ ይብሳል ወይስ ወደ ቀኝ ብላችሁ አዳምጡ። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ስለሚጫን የቀኝ ኩሽኔታ ያን ጊዜ ይጮኻል። ረጅም መንገድ ከሄዳችሁ በኋላ በእጅ ጀርባ ወደ ሞዞው ተጠጉና ግራና ቀኙን አወዳድሩ፤ አንዱ ከሌላው ለይቶ የሚግል ከሆነ እዚያ ሥራ አለ።

ጋራዥ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ሳትቀበሉ አትውጡ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉበት። ሲል በምንም ምክንያት ተመልሶ አይገባም። የወንዝ መሻገሪያ ያለባችሁ ከክረምት በኋላ ኩሽኔታው ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ አዲስ ግሪስ በመዳፍ እየተጠቀጠቀ እንዲሞላ አድርጉ። አሮጌ ግሪስ ላይ አዲስ መደረብ ውኃውን መሸፈን ነው።

ቃለ ጉባኤውን ማስቀየር ከዘንጉ ይልቅ አስቸገረኝ። አንድ ኃላፊ «ቃለ ጉባኤ እንደ ሸሚዝ በየቀኑ አይቀየርም» አሉኝ። ኩሽኔታዎቹን ጠረጴዛቸው ላይ ደርድሬ ጥፍራቸውን እንዲያሳልፉበት ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና ስብሰባው እንዲጠራ ፈቀዱ። በሐምሌ ወር የተቆረጠው ገንዘብ ለሾፌሩ ተመለሰ። አዲሱን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው እንዴት እንደተጻፈም አስገብቼበታለሁ። በቀበሌዬ ግን ያለ ምርጥ ዘር ያለፈውን የዘር ወቅት መመለስ አልተቻለም። በዚያ ዓመት መኸር ሲሰበሰብ ዐውድማ ላይ ቆሜ ሰዎቹን ፊት ለፊት ማየት ከብዶኝ ነበር።

ሾፌሩ አሁንም ከእኛ ጋር ናቸው፤ ዛሬም እዚህ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከቁልቁለቱ በታች፣ ወንዙ ሳይደርስ፣ አንዲት ዋርካ አለች። እዚያ ሲደርሱ መኪናውን ያቆሙና ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። እኔም አብሬያቸው ስሆን ስልኬን አጠፋለሁ።

ሦስቱ ኩሽኔታዎች ከነጨርቃቸው በግቢው ውስጥ ባለው የኤግዚቢሽን ድንኳን፣ ከዘር ናሙናዎቹ አጠገብ ተቀምጠዋል። መንካት ይፈቀዳል። የመጋቢቱን አንሡና በውጭ ቀለበቱ ላይ ጥፍራችሁን አሳልፉበት።